ለአስታማሚው ማን አለው? የጤና ባለሙያዎች ሥነ ልቡናዊ ደኅንነትና የእኛ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የግንቦት ልደታ ሲከበር በልደታና በአካባቢው ያለው ሕዝብ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ዳቦውን ጋግሮ ከጎረቤቱ ጋር በደጅ ይሰበሰባል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእመቤታችን ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነውና በዓሉ ለነዋሪው እንደ ቤቱ በዓል ነው። በዚያው ምሽት ግን በዚሁ ክፍለ ከተማ በሚገኙት በጥቁር አንበሳና በባልቻ ሆስፒታሎች ነጭ ጋዋን የለበሱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አዳር ተረኛ ሆነው ከአልጋ ወደ አልጋ ይመላለሳሉ። ጥቁር አንበሳ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የመጨረሻው ሪፈራል የሚጻፍበት ሆስፒታል ነው፤ ለረጅም ዓመታትም የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ይሰጥ የነበረው በእርሱ ብቻ ነበር። ወደዚያ የሚመጣው ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ሁሉ የሞከረውና ያልቻለው ነው። ስለዚህም በእነዚህ ግቢዎች የሚያገለግሉ ሰዎች ፈውስን ብቻ ሳይሆን ሞትንም በየዕለቱ ያያሉ።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በሰንበት ትምህርት ቤት የምናውቃት አንዲት ነርስ እኅታችን ናት። በአንድ ሌሊት ሦስት ሕሙማን በእጇ ላይ ዐርፈውባት፣ ጧት ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣች፤ ነገር ግን ከቅጽሩ ሳትገባ በበሩ አጠገብ ቆማ አገኘናት። ምን እንደ ሆነች ስንጠይቃት፣ ኀዘንተኛ ነኝ እንዳትል የሞተባት ዘመድ እንደሌለ፣ ደኅና ነኝ እንዳትል ደግሞ ልቧ እንዳልቻለ ነገረችን። እኛም የምንመልሰው አጣን።

እስቲ ይህን ነገር ከባህላችን አንጻር እንመልከተው። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሎች ይመካከራሉ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የንስሐ አባት ይጠራል፤ ማለዳ ላይ፣ ኀዘንተኛው ብቻውን በማይሆንበት ሰዓት፣ የሚደግፈው ሰው በቀኝና በግራው ቆሞ ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ እድሩ ድንኳን ይጥላል፤ ልቅሶ ደራሹ ይመላለሳል፤ ሠልስቱ፣ ዐርባው፣ ሰማንያው እያለ ኀዘኑ በጸሎትና በሰው መካከል ቀስ በቀስ ይቀልላል። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት የሠሩልን የሰው ልብ ሞትን ብቻውን መሸከም እንደማይችል ስለሚያውቁ ነው።

በሆስፒታል ግን መርዶ ነጋሪው ብዙ ጊዜ ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ ወጣት ኢንተርን ወይም የሌሊት ተረኛ ነርስ ነው። የሚናገረውም በኮሪደር ላይ፣ ቆሞ፣ ሌሎች ሕሙማን እየሰሙ ነው። ከጎኑ ሽማግሌ የለም። ቤተሰቡ ይጮኻል፤ አንዳንዱ በኀዘኑ ብዛት ነጋሪውን ራሱን ገዳይ አድርጎ ይሰድበዋል፤ ልብሱን የሚይዘውም አለ። ይህ ባለሙያ አስከሬኑን አስገንዞ፣ ወረቀቱን ፈርሞ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቀጣዩ አልጋ ይሄዳል። ሟቹን ሦስት ወር ሲያስታምመው ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ የልጆቹን ስም ሳይቀር ያውቃል። ድንኳን ግን የሚጣለው ለቤተሰቡ ነው። በማግሥቱም ሌላ ሞት ይጠብቀዋል።

እንዲህ ያለው ያልተለቀሰ ኀዘን ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከሕሙማን ብዛትና ከመድኃኒትና ከመሣሪያ እጥረት ጋር ሲደራረብ የሰውን ልቡና ያዝለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች መለያ መዝገብ ይህን የሥራ ዝለት በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፤ ኃይል ተሟጥጦ ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ስለ ሥራው ክፉውን ብቻ ማሰብ፣ እንዲሁም የሚሠሩት ሥራ ፍሬ የሌለው መስሎ መታየት። ድርጅቱ ዝለትን በሥራ ቦታ ካለ፣ መላ ካልተፈለገለት የማያቋርጥ ጫና የሚመጣ እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም ብሎታል። ከሦስቱ ምልክቶች ሁለተኛውን ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። ቀና ብላ ሳታየን "ቁጭ በሉ፣ ትጠራላችሁ" ያለችን ነርስ፣ እኛ ጨካኝ ብለን የወጣንባት፣ ምናልባት ልቧ ከመድከሙ የተነሣ ራሱን የሸፈነ ይሆናል። ይህን ስንል ሕመምተኛን ማመናጨቅ ትክክል ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ቁስልን ሳያዩ መፍረድ ከእኛ አይጠበቅም።

በመንፈሳዊው መንገድ ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንሠራለን። ዝለትን ከሀኬት፣ ማለትም ከስንፍና ጋር እናምታታዋለን። ሀኬት የሚችል ሰው ሥራን መጥላቱ ነው፤ ዝለት ግን ሲሠራ የኖረ ሰው መድከሙ ነው። ነቢዩ ኤልያስን እንመልከት። ከሰማይ እሳት ያወረደ፣ ዝናምን በጸሎቱ ያዘገየና የመለሰ ነቢይ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር መልአኩን ሲልክለት ተግሣጽ አልላከለትም። መልአኩ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ነቢዩም በልቶ ጠጥቶ እንደ ገና ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ መገበው፤ ምክንያቱንም ሲናገር መንገዱ ረጅም ስለሆነበት መሆኑን ገለጠለት (1ነገ. 19፥4-8)። ወደ ኮሬብ ተራራ የሄደው፣ እግዚአብሔርም ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው። የዛለን ሰው "እምነትህ ጎድሎ ነው" ከማለት በፊት በልቷል ወይ? ተኝቷል ወይ? ብሎ መጠየቅ ከመልአኩ የምንማረው ሥርዓት ነው።

በዘመናችን የሥራ ጥናት ውስጥ "ሥነ ልቡናዊ ደኅንነት" የሚል ቃል አለ። አንድ ሠራተኛ ያላወቀውን ሲጠይቅ፣ የሠራውን ስሕተት ሲናገር፣ አለቃው ሲሳሳት ሲያይም "ቆይ እስቲ" ሲል እንደማይዋረድና እንደማይቀጣ የሚያምንበት ሁኔታ ማለት ነው። የሃርቫርድ መምህርት ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና ያልጠበቀችውን አገኘች። ተስማምተውና ተከባብረው የሚሠሩት ቡድኖች ስሕተታቸው ከሌሎቹ በዝቶ ተመዘገበ። ነገሩን ስትመረምር ብዙ የሚሳሳቱ ሆነው ሳይሆን ስሕተታቸውን የማይደብቁ ሆነው እንደ ነበር ተረዳች። በሌሎቹ ክፍሎች ስሕተቱ ተሸፍኖ ነበር፤ የተሸፈነ ስሕተት ደግሞ በሕመምተኛው ላይ ይደገማል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዜማ ቤትም ሆነ በንባብ ቤት ያለፍን ሁላችን እናውቀዋለን። የኔታ ፊት ቀርቦ የሚያነብ ተማሪ የሚታረመው ጮኾ ሲያነብ ነው። ኩርኩሙ የበዛበት ተማሪ ግን ያላወቀውን ቃል እያጉተመተመ ማለፍን ይለምዳል፤ እኛም ከዚህ የጸዳን አልነበርንም። በንባብ ቤት የተጉተመተመ ቃል የሚጎዳው ተማሪውን ነው። በሕክምና ክፍል የተጉተመተመ ስሕተት ግን የሌላውን ሕይወት ይነካል። ታላቅን ማክበር መልካም ባህላችን ቢሆንም፣ ነርሷ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመድኃኒት መጠን እንደበዛ እያየች በይሉኝታ ዝም የምትልበት ከሆነ ያ አክብሮት መሆኑ ቀርቷል።

የንስሐ ምሥጢር ያለን ክርስቲያኖች በዚህ ላይ የምንጨምረው አለን፤ የምንጠነቀቀውም አለ። ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር ምሥጢር ሆኖ ይኖራል፤ የተናዘዘውም ሰው ሸክሙ ይቀልለታል። ነገር ግን በሥራው ላይ የተሳሳተ ባለሙያ ለካህን ስለተናዘዘ ለክፍሉ ኃላፊ መንገር ይቀርለታል ማለት አይደለም። ዘኬዎስ የበደለውን መመለስ የንስሐው አካል አድርጎታል (ሉቃ. 19፥8)። ለሕመምተኛው መመለስ ማለት ስሕተቱን ለሚያርሙት ጊዜው ሳያልፍ ማሳወቅ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቶች የሚናዘዘውን ልጃቸውን ማጽናናት ብቻ ሳይሆን እውነቱን ለመናገር እንዲደፍር ማበርታትም ይጠበቅባቸዋል። አለቆቹም በበኩላቸው እውነት የተናገረውን ለማዋረድ ባይቸኩሉ መልካም ነበር።

ሁሉንም በጸሎትና በመጽናናት ብቻ እንፍታው ብንል ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አንስማማም። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ ጽና፣ ታገሥ አላለውም። ይህ አሠራር አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ ሥራውን የሚካፈሉ ሰዎችን እንዲሾም መከረው (ዘፀ. 18፥13-26)። አሠራሩ ሲታመም የሚታከመው አሠራሩ ነው። ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማረፊያ ወስዶ ለጠባቂው በባዶ እጁ አደራ አልጣለበትም። ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ የሚበልጥ ቢያወጣም ሲመለስ እንደሚከፍለው ቃል ገባለት (ሉቃ. 10፥35)። ይህን ምሳሌ ስንተረጕም ስለ ሳምራዊው ብዙ እንናገራለን፤ ስለ ማረፊያው ጠባቂ ድካምና ስለ ተከፈለው ገንዘብ ግን እምብዛም አናነሣም። ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ የድኾችና የሕሙማን ማረፊያ ሲያሠራ፣ ለአገረ ገዥው ለኤልያስ በጻፈው መልእክት ከሕሙማኑ ጋር ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን፣ ለየሥራው የሚያስፈልገውንም ቤት ጠቅሷል።

በአገራችን የጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የአምስት ዓመት ዕቅዱ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና ዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር፤ በቀጣዩም ዕቅድ የባለሙያው ተነሣሽነትና ብቃት ተጨመረበት። መጨመሩ ተገቢ ነበር፤ ራሱ ያልተራራለትን ሰው ርኅራኄ መጠየቅ ከደረቀ ጕድጓድ ውኃ እንደ መቅዳት ነውና። የኮሮና ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ከታወቀ በኋላ ሕሙማንን በማከማቸው ብቻ ከጎረቤት መገለል የደረሰባቸው ባለሙያዎች ነበሩ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸው ሥራ እስከ ማቆም አድርሷቸዋል። የዚያን ጊዜውን ነገር መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ሆኖም ቤት ኪራዩን እያሰበ የሚያድር ሐኪም ልቡ ሙሉ ሆኖ በአልጋችን አጠገብ ይቆማል ብለን መጠበቅ አይገባንም።

ታዲያ እኛ ምእመናን ምን እናድርግ? ብዙዎቹ ባለሙያዎች ከኀዘኑ በላይ የሚከብዳቸው የኅሊና ወቀሳ እንዳለ ከእነርሱ ሰምተናል። እሑድና በዓላት ተረኛ ስለሚሆኑ ከቅዳሴ ይቀራሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አድረው ጾሙን እስከ ሰዓቱ መድረስ ያቅታቸዋል፤ ከዚያም ራሳቸውን ከቤተ ክርስቲያን የራቁ አድርገው ይቆጥራሉ። ጌታችን በሰንበት ሕሙማንን እንደ ፈወሰ እናስታውሳቸው። የአዳር ተራቸውን ለንስሐ አባታቸው አስረድተው ስለ ጾማቸው፣ ስለ ጸሎታቸውና ስለ ቅዱስ ቍርባን ምክርና ፈቃድ ይቀበሉ እንጂ በራሳቸው ፈርደው አይራቁ። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም መርሐ ግብራቸውን ሲያወጡ ተረኞችን ቢያስቡ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለቀረውም ሰው የሚቀመጥበትና የሚሰማው ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ጠያቂ ሆነን ስንሄድም የእኛ ጠባይ አለ። አንድ ሕመምተኛ ለመጠየቅ ዐሥር ሆነን እንገባለን፤ ሰዓቱ አልቋል ስንባል እንቆጣለን፤ ጸበል ስናመጣ መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ የምንመክር፣ ነርሷንም የእምነት ጠላት አድርገን የምናይ አለን። መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና የሚለውን አሳብ በምዕራፍ 38 በሰፊው ያስተምራል፤ ጸሎትንና መድኃኒትንም አያጣላም።

ይኸው ምዕራፍ ለባለሙያው ለራሱም ይሆናል። ሐኪም ሐኪም ቢያስፈልገው ነውር የለበትም። እንቅልፍ የራቀው፣ ደስታ የጠፋበት፣ ከዚያም አልፎ ሕይወቱን የሚያስጠላ አሳብ የመጣበት ባለሙያ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ በአማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ በሌሎች ተቋማት ወዳሉ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ይሂድ። ንስሐ አባቱም ይህን ሲሰማ ወደዚያ ሊመራው እንጂ ሊያስቀረው አይገባም።

ያች እኅታችን በዚያን ዕለት ወደ ውስጥ ገባች። ከንስሐ አባቷ ጋር ስንቀመጥ ካህኑ የሦስቱን ሟቾች ስም አልጠየቋትም፤ የሕሙማኑን ምሥጢር መጠበቅ እንዳለባት ያውቃሉና። ስማቸውን በሚያውቀው በእግዚአብሔር ፊት ዐስበው ጸለዩላቸው። እርሷም በዚያ ጊዜ አለቀሰች። ሌላም ነገር ልትናገር ስትጀምር አባታችን ሌሊት ምን እንደ በላች ጠየቋት። ሻይ ብቻ እንደ ጠጣች ነገረቻቸው። ቤቷ ሄዳ በልታ እንድትተኛ፣ የቀረውን ማታ መጥታ እንድትነግራቸው አዘዟት፤ እኛም እስከ ታክሲው ሸኘናት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።