ኤስኤስዲ ካሽ

ኤስኤስዲ ካሽ አነስተኛ ኤስኤስዲን ከትልቅ ሃርድ ዲስክ ጋር አጣምሮ በማሠራት ኮምፒውተርን የማፍጠኛ ዘዴ ነው። ደጋግመው የሚከፈቱ መረጃዎች ቅጂ ፈጣን በሆነው ኤስኤስዲ ላይ ይቀመጣል፤ ሙሉው ክምችት ግን በሃርድ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ዘዴው በተለይ ብዙ ጌም የተጫነባቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች ሃርድ ዲስካቸውን ሳይቀይሩ ለማፍጠን ያገለግላል። የሚጨምረው ፍጥነትን እንጂ የመረጃን ደኅንነት አይደለም፤ ከሁለቱ የአጻጻፍ ስልቶች አንደኛው እንዲያውም ደኅንነቱን ይቀንሳል።

ሃርድ ዲስክ የሚዘገይበት ምክንያት

ሃርድ ዲስክ መረጃን የሚያነበው በሚሽከረከር ሳህን ላይ ወዲያና ወዲህ በሚንቀሳቀስ ጭንቅላት ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጭንቅላቱ ትክክለኛው መስመር ላይ እስኪደርስና የተፈለገው መረጃ ከሥሩ እስኪመጣ ድረስ በአማካይ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ያልፋል። ስለዚህ በተበታተነ ቦታ ያሉ ትንንሽ መረጃዎችን ሲያነብ በሰከንድ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች 100 ገደማ ብቻ ናቸው። ኤስኤስዲ ተንቀሳቃሽ ክፍል ስለሌለው ለተመሳሳይ ጥያቄ በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ መልስ ይሰጣል።

አሠራር

ገበሬ እህሉን በጎተራ ያከማቻል፤ ለሰሞኑ የሚሆነውን ዱቄት ግን ለምድጃው ቅርብ በሆነ ዕቃ ያኖራል። የካሽ አሠራርም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የካሽ ሶፍትዌሩ የትኛው መረጃ ደጋግሞ እንደሚጠየቅ ይከታተልና ቅጂውን ወደ ኤስኤስዲው ያስገባል። ቦታው ሲሞላ ለረጅም ጊዜ ያልተነካው ወጥቶ ለአዲሱ ይለቀቃል። ከራም በተለየ፣ በኤስኤስዲ ላይ ያለው ቅጂ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አይሰረዝም።

ሶፍትዌሩ የሚከታተለው ሙሉ ፋይልን ሳይሆን ብሎክ የሚባሉ ትንንሽ ቁራጮችን ነው። በመሆኑም 65 ጊጋባይት የሚይዝ ጌም ቢኖር፣ ወደ ካሹ የሚገባው ተጫዋቹ በትክክል የደረሰባቸው ክፍሎች መረጃ ብቻ ነው።

የአጻጻፍ ስልቶች

አዲስ መረጃ ሲጻፍ ካሹ ከሁለት ስልቶች በአንዱ ይሠራል።

ራይት ስሩ፦ መረጃው በኤስኤስዲውም በሃርድ ዲስኩም ላይ ይጻፋል፤ ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለውም ሃርድ ዲስኩ ሲቀበለው ነው። መጻፍ አይፈጥንም፤ ነገር ግን ኤስኤስዲው ቢበላሽ የሚጠፋ ነገር የለም፣ ዋናው በሃርድ ዲስኩ ላይ አለና።

ራይት ባክ፦ መረጃው መጀመሪያ በኤስኤስዲው ላይ ብቻ ይጻፍና ቆይቶ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይተላለፋል። መጻፍም ይፈጥናል። ሆኖም ከመተላለፉ በፊት ኤስኤስዲው ቢበላሽ ወይም ቢነቀል ያልተላለፈው መረጃ ይጠፋል፤ የፋይል ሥርዓቱም ሊፋለስ ይችላል። ድንገተኛ የመብራት መጥፋትም አንዳንድ ርካሽ ኤስኤስዲዎችን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ራይት ስሩ ይመረጣል። ጌም በአብዛኛው የሚያነብ እንጂ የሚጽፍ ባለመሆኑ በዚህ ምርጫ የሚቀርበት ፍጥነት ጥቂት ነው።

ታሪክ

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያቀረበው ሬዲቡስት ፍላሽ ዲስክን ለካሽ ይጠቀም ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ዜድ68 ከተባለው ቺፕሴት ጋር ስማርት ሪስፖንስ የተባለውን ቴክኖሎጂ አወጣ፤ ለካሽ የሚፈቅደው መጠን እስከ 64 ጊጋባይት ነበር። በጊዜው ኤስኤስዲ ውድ ስለነበር ትንሹን ገዝቶ ከትልቅ ሃርድ ዲስክ ጋር ማጣመር አዋጭ ነበር። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ዲኤም-ካሽ እና ቢካሽ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

በጌም ላይ የሚያመጣው ለውጥ

የሚያጥረው የመጫኛ ጊዜ ነው፤ ጌሙ እስኪከፈትና አዲስ ካርታ እስኪመጣ የሚጠበቀው ማለት ነው። አንድ ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ግን እንደ ወትሮው ይዘገያል፤ ለውጡ የሚታየው በኋላ ደጋግሞ ሲከፈት ነው። በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት በግራፊክስ ካርድና በፕሮሰሰር ስለሚወሰን በካሽ ብዙም አይለወጥም። ራም ያነሰው ኮምፒውተር ደግሞ መጀመሪያ ራም ቢጨመርለት ይሻላል።

በከፍተኛ ቦታዎች

የሃርድ ዲስክ ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ይህ ክፍተት ይጠባል፤ ጭንቅላቱ ሳህኑን ከነካው መረጃው ይበላሻል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች ለተራ ሃርድ ዲስክ የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ያለው የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ከዚህ ወሰን ያልፋል። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ግን ከወሰኑ በብዙ ዝቅ ትላለች። ካሽ ከሃርድ ዲስኩ የሚነበበውን ቢቀንስም ሳህኑ መሽከርከሩን ስለማያቆም ይህን ችግር አይፈታም። ከወሰኑ በላይ ባሉ ቦታዎች ሙሉ በሙሉ ወደ ኤስኤስዲ መዛወር የተሻለ ነው።

አተገባበር

ከሁሉ በፊት አስፈላጊ ፋይሎች በሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣሉ፤ የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤንነትም ስማርት በተባለው መለኪያ ይታያል። መበላሸት የጀመረ ዲስክ መቀየር እንጂ ካሽ አያስፈልገውም። የኢንቴሉ ዘዴ በባዮስ ውስጥ የሳታ አሠራር ወደ ሬይድ እንዲቀየር ይጠይቃል፤ ሳይዘጋጁ መቀየር ዊንዶውስ እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል። በሊኑክስ ቢካሽን ለመጠቀም ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ መዘጋጀት አለበት፤ ኤልቪኤም የሚጠቀም ሲስተም ግን ያለውን መረጃ ሳያጠፋ ካሽ መጨመር ይችላል።

ኤስኤስዲው ሲስተሙንና የሚዘወተሩትን ጌሞች የሚበቃ ከሆነ በቀጥታ በእሱ ላይ መጫን ከካሽ ይቀላል፤ ከመጀመሪያው መክፈቻ ጀምሮም ይፈጥናል። ካሽ የሚጠቅመው የጌሙ ክምችት ከኤስኤስዲው በብዙ ሲበልጥና ተጫዋቹ ፋይሎችን በእጁ እያዛወረ መኖር በማይፈልግበት ጊዜ ነው።