በኢንተርኔት ገበያ ለሌባ ጥፋት ከፋዩ ማን ነው?

በአንድ የገበያ አዳራሽ የሚገኝ ሱቅ የተሰረቀ ዕቃ ሲሸጥ ቢያዝ የሚጠየቀው ባለሱቁ ብቻ ነው ወይስ የአዳራሹም ባለቤት? እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 የአሜሪካ ኮንግረስን ያወዛገበው የኢንተርኔት ሕግ መነሻው ይኸው ጥያቄ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት፣ ደንበኞች የሚያስገቡትን ፊልምና ዘፈን የሚያስተናግድ ድርጅት ጥሰቱን የማያውቅ ከሆነና ባለመብቱ ሲያስታውቀው ፈጥኖ ካነሳ ካሳ አይከፍልም። የፊልምና የሙዚቃ ኩባንያዎች ግን ሕጉ በውጭ አገር ያሉ ድረ ገጾችን አያገኝም ሲሉ አማረሩ። አቤቱታቸው መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም በነፃ ከተባዛ ወጪውን መመለስ ያስቸግራል።

በዚህ የተነሳ በኦክቶበር 2011 «ሶፓ» የተባለ ረቂቅ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። በመጀመሪያው ረቂቅ መሠረት ባለመብቱ ሲያመለክት፣ የተከሰሰው ድረ ገጽ መቃወሚያ ካላቀረበ፣ የክፍያና የማስታወቂያ ድርጅቶች በ5 ቀን ውስጥ ከእሱ ጋር መሥራት ማቆም ነበረባቸው። ፍርድ ቤት ሲያዝ ደግሞ የኢንተርኔት አቅራቢዎች የውጭ ድረ ገጾችን ይዘጋሉ።

ተቃዋሚዎች የፈሩት የስሕተቱን ዋጋ ነው። አገናኙ ድርጅት በክስ ከመጉላላት ይልቅ ያጠራጠረውን ሁሉ ቢዘጋ ይቀለዋል፤ ክፍያ የተቋረጠበት ንጹሕ ነጋዴ ግን እውነቱ እስኪጣራ ሊከስር ይችላል።

ጃንዋሪ 18 ቀን 2012 የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለ24 ሰዓት በተቃውሞ ተዘጋ። ጉግልም ከ7 ሚሊዮን በላይ ፊርማ መሰብሰቡን አስታወቀ። ከ2 ቀን በኋላ ሶፓም ሆነ «ፒፓ» የተባለው የሴኔቱ ረቂቅ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ሕግ ሳይሆኑም ቀሩ።

ሆኖም በጃንዋሪ 19 ቀን የአሜሪካ መንግሥት መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገውን ሜጋአፕሎድን በነባሩ ሕግ ዘጋ። ክሱ ድርጅቱ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት አድርሷል ይላል። እርምጃው አዲስ ሕግ ሳይወጣም የውጭ ድርጅትን መድረስ እንደሚቻል አሳየ። ነገር ግን የገዛ ራሳቸውን ፋይል በዚያ ያስቀመጡ ደንበኞችም አብረው ተዘጋባቸው።

እንግዲህ ሚዛኑ ያለው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ አንደኛው ከመታሸጉ በፊት ማስረጃውን የሚመረምር ዳኛ መኖሩ፣ ሁለተኛው ሱቁ ሲታሸግ በውስጡ ያለው የሌላ ሰው ዕቃ የሚመለስበት መንገድ ነው።