መሃል ከተማው ስንት ሰዓት ነው?

በመጀመሪያው ፕላናችን ላይ ሁለት መቶ ገደማ ዛፍ ነበረ። ኮምፒውተር ላይ ዛፍ መትከል ቀላል ነው። አንዱን ትስሉና ትገለብጡታላችሁ፣ የተገለበጠውን ደግሞ ትገለብጡታላችሁ፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ መንገዱ ግራና ቀኝ ይለመልማል። መምህራችን ስክሪኑን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ውኃውን ከየት ነው የምታመጡት?» አሉ።

አምስታችንም ጭጭ። የሳልናት ከተማ ድሬዳዋ ናት። የምትጠጣውን ውኃ ከጉድጓድ የምታወጣ፣ በመሃሏ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አሸዋ ብቻ የሆነ። ከአምስታችን ደግሞ ድሬን የረገጠ አንድም ሰው አልነበረም።

አራተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነበርኩ። ለማያውቀው ሰው ስቱዲዮ የምንለውን ትምህርት ላስረዳ። ፈተና የለውም። ሴሚስተሩ ሲጀመር አንድ ቦታ ይሰጣችኋል፤ ሲያልቅ ሥዕላችሁን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ፣ ከካርቶን የሠራችሁትን ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ጁሪ ፊት ትቆማላችሁ። ጁሪ ማለት መምህራንና ከውጭ የተጋበዙ አርክቴክቶች ናቸው፤ ሦስት ወር የለፋችሁበትን በሃያ ደቂቃ ይበታትኑታል። እስከዚያ ዓመት ድረስ የምትነድፉት ቤት ነው፣ ብቻችሁን። አራተኛ ዓመት ላይ ከተማ ይመጣል። ከተማ ደግሞ ለአንድ ሰው ስለሚበዛ በቡድን ነው።

ቡድናችን በዕጣ የወጣ ነው። አንዱ ኦቶካድ ላይ እጁ እንደ ልብስ ሰፊ ይፈጥናል፤ ሰው አናግር ሲባል ግን ያመዋል። አንዷ ከማንም ጋር ትግባባለች፣ ኦሮምኛም ትችላለች፣ ቀጥ ያለ መስመር ግን ከእሷ አትጠብቁ። ሦስተኛው ሞዴል ሠሪያችን ነው፤ ጣቱ ላይ ፕላስተር ሳይለጥፍ ያደረበትን ሌሊት አላስታውስም። አራተኛው፣ እንዴት ብዬ ልበለው፣ ቡና ያመጣል። እኔ የተጣሉትን አስታርቃለሁ፤ አንዳንዴም የታረቁትን አጣላለሁ።

የተሰጠን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ነው፦ የድሬዳዋን መሃል ከተማ እንደገና ንደፉ። ኮሪደር ልማት የሚለው ቃል ከሰው አፍ የማይጠፋበት ጊዜ ስለሆነ እኛም በውስጣችን አደባባይ፣ ፏፏቴና መብራት ይዘን ነው የተነሣነው። የከበደን ግን መሃሉ የት እንደሆነ ማወቅ ነው።

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ባቡርን ያን ሁሉ ዳገት ማስወጣት ወጪው ስለከበደ ሐዲዱ እታች ቆላው ላይ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳም አዲስ ሐረር ተባለ። ስሙ አልጸናም። ጣቢያው አጠገብ የባቡር ኩባንያው ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ዘርግቶ ከዚራን ሠራ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ ነጋዴው፣ ግመል ነጂው፣ ሸቃዩ፣ ማንም ሳይነድፍለት መጋላን ሠራ። መጋላ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከተማ ማለት ነው። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ሰፈር ስሙ «ከተማ» ከሆነ፣ መሃሉ የት ነው ብሎ መጠየቅ ትንሽ ያሳፍራል። በዚያ ላይ የዛሬው ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ የድሮው ጣቢያ ፊት ያለው ሜዳ ለምን መሃል እንደሆነ በካርታ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

በሚያዝያ ወር አውቶቡስ ይዘን ወረድን።

የመጀመሪያው ቀን ሥራችን በመጽሐፍ የተማርነው ነበር። በ1748 እ.ኤ.አ. ጃምባቲስታ ኖሊ የሚባል ሰው የሮምን ካርታ ሲያሳትም ቤቱን በጥቁር፣ ሰው የሚገባበትን ሁሉ በነጭ አደረገው፤ አደባባዩ ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም ነጭ ነው። ዛሬም የአርክቴክቸር ተማሪ ከተማ ሲያጠና በዚሁ ይጀምራል። ካርታው ላይ ነጩ የት እንደሚሰፋ ታያላችሁ፣ እዚያ ሰው ይሰበሰባል ትላላችሁ። በእኛ ካርታ ላይ ከሁሉ የሰፋው ነጭ ደቻቱ ነበር። እኛም ክፍት ቦታ ብለን መናፈሻ፣ የኳስ ሜዳና የመኪና ማቆሚያ ስለንበታል።

ነጩ እንደዋሸን የገባን ከፊራ ገበያ አካባቢ ነው። ከፊራ ቅስት ቅስት በሮች ያሉት የቆየ ገበያ ነው። ከእሱ የሚወጣ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ስፋቱ ስድስት ሜትር ቢሆን ነው። እኛ ወደ ሃያ ሜትር ልናሰፋው ነበር። ጠዋት ፈጢራ በልተን ስንደርስ ጉልት ቸርቻሪዎቹ በሙሉ በአንድ በኩል፣ በምሥራቁ ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። በምዕራቡ በኩል አንድም ሰው የለም። ባዶው መሬት ላይ ግን በየሁለት እርምጃው አራት አራት ድንጋይ ተቀምጧል።

ቲማቲምና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለ ድንጋዮቹ ጠየቅኳት። አንቱ እያልኳት ነበር። «አንቺ በይኝ አቦ፣ ድሬ ነው ያለሽው» አለችኝ። እውነት ነው፣ ድሬ አንቱታ አታውቅም ይባላል፤ እሷም በእናቴ ዕድሜ ናት። ከዚያ በሚዛኗ ሳህን ወደ ማዶ እያሳየች አስረዳችኝ። ከፊት ለፊቷ ያሉት አራቱ ድንጋዮች የእሷ የከሰዓት ቦታ ናቸው። ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ስትሆን የምሥራቁ ግድግዳ ጥላውን ወደ መንገዱ ይጥላል፣ ሰው እዚያ ይቀመጣል። ከሰዓት ይገለበጣል፣ ማዳበሪያውን እየጎተቱ ሁሉም ይሻገራል። ቦታው ላይ ጭቅጭቅ የለም፤ ድንጋዩን የሚነካ የለም።

«እኩለ ቀን ላይስ?»

«እኩለ ቀን ላይማ ማን ይገዛል?»

የነገሩ ሒሳብ ቀላል ነው። ድሬ ከምድር ወገብ አሥር ዲግሪ ገደማ ሰሜን ላይ ስለሆነች በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንታት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ ከአናት በላይ ትቆማለች። ሦስት ሜትር የሚሆን ግድግዳ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል፤ በስድስት ሜትር መንገድ ላይ ይህ ግማሹ ማለት ነው። 6 ሰዓት ሲሆን ያው ግድግዳ ለድመት የሚሆን ጥላ የለውም። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገድ ደግሞ ፀሐይዋ አብራው ስለምትጓዝ ቀኑን ሙሉ ይጋገራል። እንግዲህ መንገዱን ሃያ ሜትር ብናደርገው ምን እንደምናጠፋ ተመልከቱ። ሴትየዋን ከነቲማቲሟ ነው የምናጠፋው።

የኖሊን ጥቁርና ነጭ ትተን በሰማያዊ እርሳስ ጥላ፣ በቀይ ነጥብ ሰው መሳል ጀመርን፤ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ካርታ፣ ከንጋት እስከ ማታ። ኦቶካዱ ልጅ ሳይቀር እስክሪብቶ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆመ፤ አፍንጫው ተላጠ። ሦስት ቀን ፈጀብን። ካርታዎቹን አልጋ ላይ ደርድረን ስናይ ሰማያዊ ባለበት ሁሉ ቀይ አለ። ጠዋት መሃል ከተማው ከፊራ ነው። ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ መሃል ከተማ የሚባል ነገር የለም፤ ሱቁ ተዘግቶ ሰው እቤቱ ተኝቷል ወይም በርጫ ላይ ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ከተማዋ እንደገና ትነሣና ወደ ከዚራ፣ ወደ ዛፎቹ ሥር ትሄዳለች። የከዚራ ዛፎች እንደኛ በኮምፒውተር አልተተከሉም። አንድ የከዚራ ሽማግሌ እቤታቸው ፊት ያለችውን ኒም በጀሪካን እንዳሳደጓት ነግረውናል፤ በፕላናችን ላይ እሷም ትቆረጥ ነበር።

አራተኛው ቀን ላይ ደቻቱ መጣ።

መናፈሻችንን ልንለካ አሸዋው ላይ ሁለት ችካል ተክለን ሜትር ዘርግተን ነበር። ወደ ማታ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ድሬ ላይ ጠብታ የለም። ድንገት ዳሩ ላይ ያሉ ልጆች መጮህ ጀመሩ፤ አንድ ባጃጅ አሸዋውን እያቋረጠ ሳለ ዞሮ በመጣበት ፈረጠጠ። እኛ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባንም። የኦሮምኛዋ ጓደኛችን ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ውኃው እንደ ማዕበል አልመጣም፤ በቁርጭምጭሚት ቁመት፣ እንደ አተላ የጠቆረ፣ ከፊቱ ቆሻሻና ላስቲክ እየገፋ ተንሸራቶ ነው የደረሰው። ደቂቃ ሳይቆይ ወገብ ደረሰ። ችካሎቹም ሜትሩም ሄዱ። ዝናቡ የዘነበው በደቡብ በኩል ካሉት ከደንገጎ ተራሮች ላይ ነው፤ ድሬ የምታየው መልእክተኛውን ብቻ ነው።

አጠገባችን የቆመ የመጋዘን ዘበኛ ይህ ትንሹ እንደሆነ ነገረን። ትልቁ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የመጣው ነው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ዘበኛው ስለዚያ ሌሊት ብዙ አላወራም፤ እኛም አልጠየቅንም። ማታ ማረፊያችን ገብተን መናፈሻውን፣ የኳስ ሜዳውንና የመኪና ማቆሚያውን ከፕላኑ ላይ አጠፋን። ማንም ሌላውን አላማከረም፤ ኦቶካዱ ልጅ መርጦ ሰረዘ፣ እኛ ከጀርባው ቆመን አየን።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ያለው ወር ተኩል የጭቅጭቅ ነው፣ ላሳጥረው። ዋናው ጠብ «ታዲያ ምን ሠራን?» የሚል ነበር። አደባባይ የለን፣ ፏፏቴ የለን። በመጨረሻ የቀረን ይህ ነው፦ መንገዱ ስድስት ሜትር እንደሆነ ይቆያል፤ ከግድግዳ ግድግዳ በብረት ምሰሶ ላይ ጥላ የሚሰጥ መረብ ይዘረጋል፣ እኩለ ቀንም ሰው እንዲቀመጥ፤ ከሥሩ ውኃ የሚያስተላልፍ ንጣፍና ማዳበሪያ የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ ደረጃ ይኖራል። ደቻቱ ባዶውን ይተዋል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ብቻ መቀመጫና መውረጃ ደረጃ፣ በሁለቱ ዳር መካከል የእግረኛ ድልድይ። ከሁለት መቶው ዛፍ አሥራ አራት ቀረ፤ ለእያንዳንዱ ማን እንደሚያጠጣው ጎኑ ላይ ጽፈናል።

ጁሪው ሰኔ ላይ ነበር። ሞዴል ሠሪያችን የጠረጴዛ መብራት አምጥቶ ፀሐይ አደረገው። ክፍሉን አጨልመን መብራቱን ከሞዴሉ በስተ ምሥራቅ አብርተን ጥላው በግድግዳው ሥር ሲተኛ አሳየን። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ አነሣው፤ ጥላው አጠረ፣ ጠፋ፣ መረቡ ሥር ብቻ ቀረ። አንደኛው ጁሪ «አርክቴክቸሩ የታለ?» አሉ። ሌላዋ ምንም ሳይሉ መብራቱን ተቀብለው እሳቸውም እንደ ልጅ ደጋግመው ከምሥራቅ እስከ አናት አመላለሱት። ቢ ፕላስ አገኘን። ቡና የሚያመጣውም ቢ ፕላስ አገኘ፤ የቡድን ሥራ እንዲህ ነው።

ሐምሌ ላይ እኔና ኦሮምኛዋ ልጅ በራሳችን ገንዘብ ድሬ ተመለስን። ለቲማቲም ነጋዴዋ ሥዕሉን በኤ3 አሳትመን ይዘንላት ነበር። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጣቷን እያስኬደች ግድግዳውን አገኘች፣ ከዚያ የራሷን ቦታ አገኘች። ወረቀቱን አዞረችው፣ ፀሐይ መውጫዋ በትክክለኛው በኩል እንዲሆን።

«ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ግን በዚህ ጫፍ በጎን ትገባብናለች» አለች። ጣቷን ያሳረፈችው መንገዱ ታጥፎ ወደ ምዕራብ የሚከፈትበት ላይ ነው። ልክ ናት። መብራቱን እኛም ሆንን ጁሪው ከአናት አሳልፈን ወደ ምዕራብ ዝቅ አላደረግነውም። «መቼ ነው የምትሠሩት?»

ለትምህርት ነው፣ አይሠራም አልናት።

«አይሠራም? ታዲያ ያን ሁሉ ፀሐይ ለማርክ ነው የቆማችሁበት አቦ!» ብላ ሳቀች፤ አጠገቧ ላሉት በሦስት ቋንቋ እየተረጎመች አሳቀችብን። ወረቀቱን ግን አጥፋ ከሚዛኑ ሥር አስገባችው።

ማታ ማረፊያችን ላፕቶፑን ከፍተን በዚያ ጫፍ ላይ መረቡን እስከ ሰው ቁመት ድረስ በጎን አወረድነው። ማርኩ ከተሞላ ሦስት ሳምንት አልፎታል።