በማሸጊያው ጀርባ ያለው ደቂቅ ጽሕፈት

አንድ ሰው ከማዕድ በተነሣ ቍጥር ሆዱ ሲነፋ፣ ራሱን ሲያመው ወይም ቆዳውን ሲያሳክከው፣ የደዌው ምክንያት ከሚበላው ነገር የመጣ መስሎት ሐኪም ባማከረ ጊዜ፣ ከሚመከሩት የምርመራ መንገዶች አንዱ፣ የተጠረጠሩትን ምግቦች ለጥቂት ሳምንታት ፈጽሞ ትቶ፣ ሕመሙ ሲቀልለት አንድ በአንድ እየመለሰ ጐጂውን የሚለይበት ሥርዐት ነው። ይህን ሥርዐት በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ሮው አስፋፍቶት፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሞበታል። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚሄደውን ሰው የሚያደክመው ግን መተዉ ብቻ ሳይሆን፣ የተተወው ነገር በታሸገ ምግብ ውስጥ ሌላ ስም ለብሶ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

በአሜሪካ ሕግ መሠረት ወደ ታሸገ ምግብ የገባው ነገር ሁሉ በክብደቱ ተራ፣ ከሚበዛው ወደሚያንሰው ይዘረዘራል። በ2004 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከ2006 ጀምሮ የጸናው ሕግ ደግሞ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ ቅርፊት ለባሽ የባሕር እንስሳት፣ እንደ ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴና አኩሪ አተር ሕዝብ በሚያውቀው ስማቸው እንዲጻፉ አዘዘ፤ ከ2023 መባቻ ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ ተጨመረ። ከዚህ በኋላ የሆነው ያስገርማል፤ አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች መሣሪያቸውን ከሰሊጥ ትርፍራፊ ማጥራቱ ስለ ከበዳቸው፣ ቀድሞ ሰሊጥ ባልነበረበት ዳቦ ውስጥ ሆን ብለው ጥቂት የሰሊጥ ዱቄት ጨመሩና ስሙን ጻፉበት፤ ሕጉ እንዲጻፍ እንጂ እንዲቀር አላዘዘምና።

ከሁሉ በፊት መታወቅ የሚገባው፣ ይህ ሕግ የተደነገገው ለአለርጂ መሆኑ ነው። አለርጂ ሰውነት ምግብን እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲነሣበት የሚመጣ፣ በጥቂቱም ቢሆን ሊገድል የሚችል ነገር ሲሆን፣ ሰዎች «አይስማማኝም» የሚሉት ግን ብዙ ጊዜ እንደ መጠኑ የሚከብድና የሚቀል፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ሊገለጥ የሚችል ነው። ስለዚህ በቆሎ ወይም ሽንኵርት የማይስማማው ሰው ከዝርዝሩ ግርጌ «ይህ ምግብ ወተትና ስንዴ አለበት» የሚለውን መስመር ብቻ አይቶ ቢገዛ፣ እርሱን የሚመለከተውን ሳያነብ ሄዷል ማለት ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለውን ግሉተን የሚሸሽ ሰውም በአሜሪካ «ስንዴ» የሚለውን ቃል ስላጣ ብቻ ሊያርፍ አይችልም፤ ብቅል ከገብስ ነውና፣ ገብስም ከዘጠኙ አልተቈጠረም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በዚህ ረገድ ገብስንና አጃን ጭምር ስለሚያስጠራ፣ በእኔ አስተያየት ለአንባቢው የተሻለ አስቦለታል።

ዝርዝሩን ማንበብ፣ ሊቃውንቱ በአንድምታ እንደሚያደርጉት፣ ከንባቡ አልፎ ትርጓሜውን መፈለግን ይጠይቃል። «የተለወጠ ስታርች» ቢል አንድም ከበቆሎ፣ አንድም ከድንች፣ አንድም ከካሳቫ ነው፤ ከስንዴ ቢሆን ሕጉ ያስናግረዋል፣ ከበቆሎ ቢሆን ግን ዝም ይላል። «ተፈጥሯዊ ቃና» የሚለው ሐረግም ምሥጢሩን የሚያውቀው ፋብሪካው ብቻ ነውና፣ በእርግጥ ለማወቅ የሚሻ ሰው ጽፎ ወይም ደውሎ መጠየቅ አለበት። በከንቱ የሚያስፈሩም ስሞች አሉ፤ ማልቶዴክስትሪን ስሙ ብቅልን ቢመስልም ከብቅል አይሠራም፣ የካካዎ ቅቤም ከላም አልተናጠም።

በባዕድ አገር የሚኖር ጾመኛ ይህን ሙያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ያውቀዋል፤ በዐቢይ ጾም ብስኩት ሲገዛ አጓትና ቅቤ የሚሉትን ቃላት ፈልጎ ነውና። እርሱንም ቢሆን «ወተት አልባ» ተብሎ የሚሸጠው የቡና ማንጫ ዱቄት ያታልለዋል፤ ከፊት ለፊት በትልቅ ፊደል ወተት የለብኝም የሚለው ዕቃ፣ ከኋላው በደቂቅ ጽሕፈት ካዜይኔት የሚባል የወተት ውላጅ እንዳለበት የሚናዘዝበት ጊዜ ብዙ ነው። የእንጀራም ነገር እንዲሁ ነው። ጤፍ በጠባዩ ግሉተን የለበትም፤ ነገር ግን በአሜሪካ ከተሞች በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ ከግሉተን ነጻ መሆኑ ካልተጻፈበት፣ ይኸውም ግሉተኑ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ነው ማለት ነው፣ ጋጋሪዋን መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በአሜሪካ በፋብሪካው ፈቃድ የሚጻፍ ነውና፣ አለመጻፉ ንጽሕናን አያረጋግጥም። የምግቡም አሠራር ያለ ዐዋጅ ስለሚለወጥ፣ ትናንት የተነበበው ዛሬም በየግዥው እንደ ገና ይነበባል።

የተተዉትን ምግቦች አንድ በአንድ የመመለሻው ጊዜ ሲደርስ፣ ቀድሞ በአለርጂ ክፉኛ የታመመ ሰው ምግቡን በቤቱ አይሞክረው፤ ሴሊያክ የሚባለው ደዌ የተጠረጠረበትም የደም ምርመራውን ስንዴን ከመተዉ በፊት ያድርግ፣ አለዚያ ውጤቱ ይሳሳታልና። የቀረው ሰው ስንዴን በብስኩት ልፈትን ቢል፣ በብስኩቱ ውስጥ ወተቱም፣ እንቁላሉም፣ አኩሪ አተሩም አብረው ስለሚገቡ፣ ሆዱ ቢታመም ከሳሹን አያውቀውም፤ አንድ ጭብጥ የስንዴ ንፍሮ ግን ከስንዴ፣ ከውኃና ከጨው በቀር ምንም የለበትም፣ የሚነበብ ማሸጊያም አይኖረውም።