ጣሪያ ላይ የታሰረ ፍራሽ ለምን ይበራል?

ከመሃል ሜዳ በጓሳ አድርጋችሁ ወደ ጣርማበር ስትመጡ ከፊታችሁ ያለውን መኪና ጣሪያ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ፍራሽ፣ መሰላል፣ ቆርቆሮ፣ ምን የማይጫን አለ! በሲባጎ ሁለት ዙር ይጠመጠምና ረዳቱ በእጁ መታ መታ አድርጎ «የትም አይሄድም!» ይላል። በቃ፣ ጉዞ ተጀመረ።

ይሄዳል እንጂ! የመኪናው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ሜትር ከሃያ ስፋት ያለው ፍራሽ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገፋው ኃይል 12 ኪሎ ገደማ ነው። 80 ላይ ግን ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ያሰላሁት ከ3,000 ሜትር በላይ ላለው፣ አየሩ ለሳሳው ለጓሳ ነው። ወደ ቆላ ስትወርዱ አየሩ ስለሚወፍር ግፊቱ ይብሳል። በመስኮት እጁን አውጥቶ ፍራሽ የሚይዘው ተሳፋሪ ታዲያ 50 ኪሎ በአንድ እጁ ሊያስቀር ነው?

በውጭ አገር ካያክ የሚባለውን ጠባብና ረጅም ጀልባ በቤት መኪና ጣሪያ የሚጭኑ ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው፦ ሁለት ማሰሪያ በወገቡ፣ አንድ ከአፍንጫው፣ አንድ ከጭራው። የወገቡ ጣሪያው ላይ ይይዘዋል፤ የፊቱና የኋላው ወደፊትም ወደኋላም እንዳይንሸራተት ያደርጉታል።

እኔን የሚገርመኝ፣ ይህ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። አባቶቻችን በቅሎ ሲጭኑ በሆዷ ሥር ብቻ አስረው አይለቋትም። ዳገት ላይ ጭነቱ ወደኋላ እንዳይሄድ በደረቷ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ እንዳይወርድ በጭራዋ በኩል ያስሩታል። መኪና ፍሬን ሲይዝ ለጭነቱ ቁልቁለት ነው፤ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ዳገት። የቆዳው ገመድ ስሙ ራሱ «መጫኛ» አይደል!

ታዲያ እንዴት እንሰር?

መጀመሪያ የምታስሩበትን ቦታ ምረጡ። ፖርቶ መጋላው ከጣሪያው ጋር በብሎን የጠበቀ መሆኑን ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ። እሱ ከተነቀለ ገመዱ ቢጠብቅ ምን ዋጋ አለው? ለፊትና ለኋላ ማሰሪያ የመኪናው መጎተቻ ቀለበት ጥሩ ነው። የፕላስቲክ መከላከያ ላይ ግን በፍጹም አትሰሩ።

ቀጥሎ ገመዱ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ሃያ ዙር ሲባጎ አንድ ቦታ ላይ ከተቋጠረ ግን ያቺ ቋጠሮ ስትፈታ ሃያውም አብሮ ይፈታል። እያንዳንዱን ማሰሪያ ለብቻው ቋጥሩት። ካላማዳሪ ደግሞ ይለጠጣል፤ ሸራ እንዳይርገበገብ ይይዝላችኋል እንጂ ከባድ ዕቃ አያስተማምንም። ጠፍጣፋ ማሰሪያ ካላችሁ አንዴ ጠምዘዝ አድርጉት፤ በነፋስ እየተርገበገበ መጮሁን ይቀንሳል። ገመዱ ስለታም ጠርዝ የሚነካበት ቦታ ላይ ጨርቅ አድርጉ፤ በተለይ ቆርቆሮ ገመድ ይበላል።

ፍራሽ ከሆነ አጥፋችሁ ወይም ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ነፋስ የሚገባበት አፍ ወደፊት አይሁን። ጣሪያው የሚችለው ክብደት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰው የሚረሳው የፖርቶ መጋላው ክብደትም አብሮ እንደሚቆጠር ነው። ከፍ ያለ ጭነት ደግሞ ኩርባ ላይ መኪናውን ያንጋድዳል፤ የኛን አገር መንገድ የሚያውቅ ይህን አይንቅም።

ይህ ሁሉ ለፍራሹ አይደለም። ፍራሽ ይገዛል። ከኋላ ሞተር ሳይክል የሚነዳው ልጅ ግን የሚመጣበትን ነገር ሸሽቶ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ በአንድ በኩል መኪና፣ በሌላው ገደል ነው። ሕጉም ቀላል አይደለም፦ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። «ረዳቱ ነው ያሰረው» ማለት አያድንም።

ስልካችሁ ደግሞ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ከመነሳታችሁ በፊት ቋጠሮዎቹን በአራቱም በኩል ፎቶ አንሱ። አሥር ደቂቃ ያህል ሄዳችሁ ቁሙና ከፎቶው ጋር አስተያዩ፤ አዲስ የታሰረ ጭነት ቶሎ ይላላል። ተሳፋሪ ከሆናችሁም «ሹፌር፣ አንዴ እንየው» ማለት ነውር የለበትም።