የቧንቧ እጀታና የዛለ እጅ
በስትሮክ ሳቢያ እጃቸው የዛለ እናት ቧንቧ መክፈት ቢሳናቸው ወደ ማን እንወስዳቸዋለን? የዕለት ተዕለት ተግባርን መልሶ የሚያለማምደው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ በትንንሽ ከተሞቻችን እምብዛም አይገኝም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረም ብዙ ዓመት አልሆነውም። በቅድሚያ በአቅራቢያችን ያለውን ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል እንጠይቅ፤ ባለሙያው ወዳለበት ከተማ ሊልከን ይችላልና።

ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱን ግን እኛ የፊዚክስ ሰዎችም እናውቀዋለን። ቶርክ የኃይልና ከመሽከርከሪያው ማዕከል ያለው ቀጤ ርቀት ብዜት ነው። ስለዚህ በ3 ሳንቲ ሜትር እጀታ 20 ኒውተን የሚጠይቅ ቧንቧ፣ እጀታው 12 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 5 ኒውተን ይበቃዋል። ሥራው ግን አልቀነሰም፤ እጅ የሚጓዘው ርቀት 4 እጥፍ ያድጋል። እጀታውን ብየዳ ቤት ያስረዝመዋል፤ ትከሻቸው ይህን እንቅስቃሴ መቻል አለመቻሉን የሚመረምረው ግን ባለሙያው ነው።