የሴት ፈላስፎችን ቃል መተርጎም ለምን ያስፈልጋል?

በሐረር፣ በፈላና በር በኩል ወደ ጁገል የሚዘልቅ አብዛኛው ሰው ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር መሆናቸውን ሰምቷል። ባለቤታቸው ስለነበሩት ስለ ባቲ ድል ወንበራ የሚያውቀው ግን ምን ያህል ነው? ድል ወንበራ ከቀድሞው ባላቸው ከኢማም አሕመድ ጋር የዘመቱ፣ ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ሲወድቁ ወደ ሐረር የተመለሱ ሴት ናቸው። ታሪካቸው የደረሰን በወንድ ጸሐፊ ብዕር ነው።

በፍልስፍና ትምህርትም የሚታየው ይኸው ነው። ሶቅራጥስ፣ አፍላጦንና አርስጣጣሊስ ዘወትር ይጠቀሳሉ። በእስክንድርያ ሒሳብና ፍልስፍና ስታስተምር ኖራ እ.ኤ.አ. በ415 ሁከተኞች የገደሏት ሂፓቲያ ግን እምብዛም አትነሣም። በዚህም ሴት ተማሪ «ማሰብ የወንድ ሙያ ነው» የሚለውን ያረጀ አመለካከት ከመጽሐፉ ዝምታ ትማራለች። ይህ ጭቆና ነው።

መፍትሔው ከትርጉም ይጀምራል። መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል። ስለዚህ ተርጓሚው የመረጠው ይነበባል፤ የዘለለው ይረሳል።

ይሁን እንጂ ትርጉም ጭፍን ውዳሴ መሆን የለበትም። በፔሪክቲዮኒ ስም የቆየው ጥንታዊ የግሪክ ጽሑፍ ሚስት የባሏን ስካርና ውስልትና ሁሉ ችላ እንድትኖር ይመክራል። ጸሐፊው በእርግጥ ሴት መሆኗም ያከራክራል። በአንጻሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1672 በግእዝ የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ፣ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ባወጁበት ዘመን የንጉሡን ባለሟል ባሏን ጥላ የወጣችውንና ማኅበረ ምእመናን የመራችውን ሴት ይተርካል። ገድሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ታትሞ ለዓለም ቀርቧል። ሁለቱ በአማርኛ ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ ተማሪዎች «መታገሥ የሚገባው እስከ ምን ድረስ ነው?» ብለው ይከራከራሉ። ፍልስፍናም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ተግባሩ ለዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚተው አይደለም። መምህራን ይተርጉሙ፤ የቀበሌ ማኅበራትና የሠራተኛ ክበባት ያንብቡ፤ የሐረር ሴቶችም በየአፎቻቸው ይወያዩበት። የሚበጀውን ከማይበጀው የሚለየው ሴቶች ራሳቸው አንብበው ሲፈርዱ ነውና፣ ጽሑፉን በሚገባቸው ቋንቋ ማቅረብ የሁላችንም ግዴታ ነው እንላለን።